ከዋሻው የወጣው ሬዲዮ

ምስጋኑን የገደለው ኤሌክትሪክ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። ሬዲዮ ጠጋኙ በሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደረቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ቀኝ እጁ የተላጠ ሽቦ ጨብጧል፤ ሌላ የተላጠ ሽቦ ግራ አንጓው ላይ ተጠምጥሟል። ሁለቱም ሽቦዎች ጠረጴዛውን አቋርጠው ከግድግዳው ሥር ወደ ወደቀ ስፒና ይሄዳሉ። ስፒናውን ከሶኬቱ የነቀለችው ሚስቱ ማሚቱ ናት። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ አግኝታው፣ እጇ የደረሰበትን ሁሉ ነቅላ፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኻለች።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ለሥራ ከሄደችበት ከጋሸና ወደ ላሊበላ የተመለሰችው በማግስቱ እሑድ ጠዋት ነው። እስክትደርስ ሬሳው ከቦታው እንዳይነሣ በስልክ አዝዛ ስለነበር፣ ማሚቱ ከሱቁ ደጃፍ ኩርምት ብላ አድራለች። ድንኳን አልተተከለም። መቃብር የሚቆፍሩት የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ሰዎች ዶማና አካፋቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። የት እንደሚቆፍሩ አያውቁም።

«ለምን እንደማያውቁ አባ ጽጌማርያም ይንገሩሽ» አለች ማሚቱ፣ ቀና ሳትል።

የደብሩ አለቃ አባ ጽጌማርያም መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ጨካኝ ሰው አይደለሁም። ምስጋኑ የደብራችንን ድምፅ ማጉያ በነጻ ሲጠግን የኖረ ነው። ነገር ግን ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም። ከቅጽሩም ውጭ ነው የሚቀበረው። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ሌላ ሰው ገድሎት ከሆነስ?»

«ያን በምስክር ካሳየሽኝ ካባዬን ለብሼ ከፊት እወጣለሁ። ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። ሬሳ ሁለት ሌሊት አያድርም።»

ማሚቱ ተነሥታ የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። «ልጄ ቢሆን በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ መቃብሩን አላውቅም። ወንድሜ ወንዴ በደርግ ጊዜ ዘመተ፤ መቃብሩን አላውቅም። አሁን ደግሞ ባሌን ከአጥር ውጭ ሊጥሉብኝ ነው። የምቀብረው አንድ ሰው እንኳ ይኑረኝ፣ እቴ! አንድ ሰው!»

ሰርካለም የሚያጽናና ቃል አላወጣችም። ማድረግ የማትችለውን ቃል መግባት አትወድም። ወደ ሱቁ ገባች።

ሌሊት የመጣው ሐኪም ያለውን ዘበኛው ፖሊስ ነገራት። ኤሌክትሪክ ነው፤ የተቃጠለ ቆዳ አለ፤ ሌላ ቁስል የለም። እሷ ግን ቃጠሎው የት እንዳለ ለማየት ጎንበስ አለች። ግራ አንጓው ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ በቀስታ ፈታች። ከሥሩ ያለው ቆዳ ንጹሕ ነው፤ ሽቦው ካስቀረው መስመር በቀር ምንም የለበትም። የቀኝ መዳፉንም ገለጠችው። እሱም ንጹሕ ነው። ቃጠሎው ያለው የቀኝ ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ነው፤ እንደ ነጭ ኪንታሮት የደረቀች ትንሽ ነጥብ። ሌላዋ ነጥብ ከግራ ክርኑ አጠገብ ነበረች፣ ክንዱ በተደገፈበት የብረት ሣጥን ጠርዝ ትይዩ።

ሣጥኑ ወታደራዊ አረንጓዴ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ በውስጡ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የሚያህሉ፣ በውስጣቸው ቀጫጭን ክር ያለባቸው አሮጌ አምፖሎች። የጣቢያ መፈለጊያው ወደ መጨረሻው ዞሮ በመቆለፊያው ተጠብቋል። በጎኑ ብዙ ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ገመዶች አንዱም አይገባበትም።

ከግድግዳው ሶኬት በላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ጠፍቷል።

«እትዬ ማሚቱ፣ ይህን እርስዎ ነዎት ያጠፉት?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ነቀልኩ፣ ጎተትኩ... አላስታውስም።»

«ያስቡ እስኪ።»

«አላስታውስም አልኩሽ! ማብሪያውን ስላላስታወስኩ ነው የሚኮነነው?»

ሰርካለም አላስጨነቀቻትም። ሬሳው እንዲነሣና እንዲገነዝ ፈቀደች። ያቺ ማብሪያ ብቻዋን አባ ጽጌማርያምን እንደማታሳምን ታውቃለች። እሷን ራሷንም አላሳመነቻትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የቅሬውን ዳኛ አቶ ደሳለን ነው። ደሳለ ግርማ ሞገስ ያለው፣ ጸጉሩ የሸበተ የቀድሞ ወታደር ነው። ሰፈሩ ሲጣላ እሱ ያስታርቃል፤ ሰው ሲሞት የቃሬዛውን የፊት ቀኝ የሚይዘው እሱ ነው። ከማሚቱ ወንድም ከወንዴ ጋር አብሮ ዘምቶ ብቻውን ስለተመለሰ፣ በማሚቱ ቤት እንደ ወንድም ሲበላና ሲጠጣ ኖሯል።

«ከልጁ ወዲህ ሰው አልነበረም» አለ ደሳለ። «ያን ሣጥን ይዞ ሲነካካ ይውላል። 'ያኔ ስልክ ሲቋረጥ ይሄ ቢኖረኝ ልጄን እጠራው ነበር' ይላል። አሳዘነኝ። ግን ምን ይደረግ፣ ራሱ የመረጠው ነው።»

«እርስዎ በውትድርና የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ አሉ። ይህን ዓይነቱን ያውቁታል?»

«እንደዚህ ያለ ነበረን። የእኛው ግን ቀይ አፋፍ ላይ በመድፍ ብትንትን አለ። ወንዴም ከሬዲዮው ጋር እዚያው ቀረ። እጄ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው።»

«በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በግድግዳ መብራት ነዋ! ካምፕ ውስጥ ከጄኔሬተር ላይ እንሰካው ነበር።»

«ምስጋኑ ሲጠግነው አግዘውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ሬዲዮው ከመጣ ወዲህ እዚያ ቤት እግሬን አላስገባሁም። ትዝታው ያመኛል።»

ሲናገር ሰርካለም እጆቹን ታይ ነበር። የሰው ፊት ያታልላታል፤ እጅ ግን ብዙ ጊዜ አያታልላትም። የደሳለ እጆች ጭኑ ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ቀጥሎ ወደ ሱቁ የመጣው ባለሆቴሉ ዘመኑ ነው። ዓርብ ዕለት ከምስጋኑ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈር ሰምቶታል።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የፈለግኩት ሬዲዮውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሆቴሌ መግቢያ ላይ በመስታወት ላስቀምጠው ነበር። የጣሊያን ጄኔራል ሬዲዮ ብዬ።»

«ጽሑፉ እኮ እንግሊዝኛ ነው።»

«ጣሊያን እንግሊዝኛ አይችልም ያለሽ ማነው?»

«ምስጋኑስ ምን አለህ?»

«'አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ ውሸትህን በራስህ ዕቃ ላይ ለጥፍ' አለኝ። ሰው ፊት አዋረደኝ። ቢሆንም ለዚህ ሰው አይገደልም፤ የሚገደል ቢሆን ከላሊበላ አስጎብኚ አይተርፍም ነበር።»

«እስኪ እንዲሠራ አድርገህ ክፈተው።»

ዘመኑ ሣጥኑን ዞረው። ጎኑን ዳበሰ፣ ጀርባውን አየ፣ በመጨረሻም የስልክ ቻርጀር የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ። ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ እንግዶች ይዞ ቤተ ክርስቲያናቱን ሲያስጎበኝ መዋሉን እንግዶቹም አጃቢዎቹም ተናገሩ። ሰርካለም አሰናበተችው።

ሦስተኛው መሐመድኑር ነው፤ አሮጌ ብረት የሚነግድ የጋሸና ሰው። ሬዲዮውን ያመጣው እሱ ነው። ቅዳሜ ከሱቁ ሲወጣ ታይቷል ተብሎ ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ አድሮ አሁን ወደ ሱቁ አምጥተውታል። ሚስቱ ቶይባ ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ወሬው ጋሸና ከደረሰ የባሏ ንግድ እንዳበቃለት ታውቃለች።

«ወላሂ፣ ቆሞ በር ድረስ ሲሸኘኝ ነው የተለየሁት» አለ መሐመድኑር። «ለምን እገድለዋለሁ? ጋሽ ምስጋኑ እኮ አባቴ ማለት ነው።»

«ከየት አመጣኸው ዕቃውን?»

«ከወገል ጤና ገበያ፣ ከገበሬዎች። ናዳ የዋሻ አፍ ከፍቶ አገኙት። ሁለቱንም በዝናብ ልብስ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ሰው ነበር።»

«ሁለቱንም?»

«አዎ። ሣጥኑንና ያን ከባዱን። እግር ያለው፣ እጀታው እንደ ብስክሌት ፔዳል ግራና ቀኝ የሆነ።» መሐመድኑር ዙሪያውን ተመለከተ። «የታለ? ቅዳሜ እዚህ ጋ፣ ከወንበሩ አጠገብ ነበር።»

ሰርካለምም ዙሪያዋን ተመለከተች። እጀታ ያለው ነገር የለም።

«ቅዳሜ ለምን መጣህ?»

መሐመድኑር መሬት መሬት አየ።

«መሐመድኑር፣ ያ ሰው ዛሬ ካልተቀበረ እንደ ውሻ ይጣላል። አንተም የገዳይነት ስም ይዘህ ትኖራለህ። የምትፈራው ምንድን ነው?»

«ዋሻው ውስጥ አጥንት ነበር» አለ በሹክሹክታ። «የሰው። አንድ እግሩ ተሰብሮ በእንጨትና በሬዲዮ ሽቦ ታስሯል። ገበሬዎቹ ከደብራቸው ቀበሩት። እስላም ሆኖ የክርስቲያን አጽም ያረፈበትን ዘረፈ እንዳይሉኝ ፈርቼ ዋጥኩት። ቅዳሜ ግን ህሊናዬ እንቢ አለኝና ነገርኩት። ጋሽ ምስጋኑም፣ 'ይህን ለሚስቴ ከመንገሬ በፊት የምጠይቀው አንድ ሰው አለ' አለ።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም።»

የሟቹ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ደሴ ለሚኖር ጡረተኛ የጦር መገናኛ መምህር ነው፤ ሻለቃ ገብረመስቀል ይባላሉ። ምስጋኑ የሣጥኑን ማንነት ለማወቅ ሰው ሲያጠያይቅ ያገኛቸው ናቸው። ሰርካለም ደወለች። ለሽማግሌው ሞቱን አረዳቻቸው።

«ተማሪዬ ሆኖ ነበር» አሉ። «የቱቦዎቹን ቁጥር አንድ በአንድ በስልክ አስነብቤው ነው ለይተን ያወቅነው። ጂ አር ሲ ዘጠኝ ይባላል። መላኪያና መቀበያው ባንድ ሣጥን ነው። እኛም ጋ ሲደርስ አሮጌ ነበር።»

«በምን ይሠራል፣ ሻለቃ?»

«በእጅ ነዋ! ዲናሞ አለው። አንዱ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ያሽከረክራል፣ ሌላው ያወራል። የመኪና ባትሪ የሚቀበል መለወጫም ነበረው፤ ምስጋኑ ግን ያን ፈልጎ አጥቷል።»

«ከግድግዳ መብራትስ?»

«ማነው ይህን ያለሽ? እጀታው ካልዞረ ሣጥኑ ድንጋይ ነው። እጀታው ሲቆምም ወዲያው ይሞታል።»

«ክዳኑ ተከፍቶ ሲሽከረከር እጅ ቢገባበትስ?»

«እንዳታደርጊው! ውስጡ የሚነሣው ኃይል ከግድግዳው ይበልጣል። የሚያሽከረክረው ሰው ዓይኑን ከጓደኛው እጅ ላይ አያነሣም። ምልምል ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነበር። እጅ ወደ ውስጥ ከገባ አቁም።»

«ቅዳሜ ሲደውልልዎ ምን አለ?»

«'ሻለቃ፣ ሠራ። አንድም የተመታ ነገር የለውም' አለኝ። የሚገርመው የደስታ ድምፅ አልነበረም። ከጀርባው ዲናሞው ሲያጓራ ይሰማኝ ነበር።»

ሰርካለም ስለ ጣቢያ መፈለጊያው አንድ ነገር ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታ አመሰገነችና ስልኩን ዘጋች። ከሱቁ ጥግ የተቆለሉትን አሮጌ የመኪና ባትሪዎች አንድ በአንድ አነሣች። ከሁሉም ሥር የሸራ ከረጢት ነበር። ባትሪዎቹን አቧራ ሸፍኗቸዋል፤ ከረጢቱ ላይ ግን አቧራ የለም።

ጀምበር ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ከሱቁ ፊት ሰበሰበቻቸው። የተገነዘው ሬሳ ቃሬዛ ላይ ነው። ማሚቱ ከራስጌው፣ አባ ጽጌማርያም ከጎኗ፤ ደሳለ ከቅሬው ሰዎች ፊት፤ መሐመድኑርና ቶይባ ከአጥሩ አጠገብ ቆመዋል። ዘመኑ ሳይጠራ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ጠረጴዛው ወደ ደጅ ወጥቶ ሣጥኑ ላዩ ላይ፣ ዲናሞው ከሥሩ ተቀምጠዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ቀኑ መሸ» አለ አንድ ቆፋሪ። «መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ውስጥም ውጭም ይሁን፣ ብቻ ይነገረን።»

«ታገሥ። መሐመድኑር፣ ና እዚህ ተቀመጥ። እጀታዎቹን ያዝ። ክዳኑ ተዘግቷል፤ አትፍራ።»

ወፍራሙን ገመድ ከዲናሞው አንሥታ በሣጥኑ ክብ ሶኬት አስገባች። ልክ ገጠመ።

«አሽከርክር።»

መሐመድኑር አሽከረከረ። ዲናሞው አጓራ፤ በሣጥኑ ፊት ላይ ትንሽ መብራት ቀስ ብላ ቀላች፤ ከማዳመጫው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ወጣ። የቅሬው ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አቁም።»

ድምፁ ጠፋ። መብራቷ ሞተች።

«አባ፣ አዩ?» አለች ሰርካለም። «ይህ ሣጥን በአንድ ሰው አይሠራም። አሁን የምስጋኑን እጅ ልንገርዎ። ሽቦ የነካው አንጓና መዳፉ አልተቃጠለም። የተቃጠለው የጣቱ ጫፍና ክንዱ ነው። ጣቱ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፣ ክንዱ ብረቱን ተደግፎ ነበር። የገደለው የግድግዳው መብራት አይደለም፤ ሬዲዮው ነው። ሬዲዮው ደግሞ የሚገድለው ሌላ ሰው ሲያሽከረክር ብቻ ነው።»

«ሽቦውስ?» አሉ አባ ጽጌማርያም።

«ከሞተ በኋላ የተጠመጠመ ነው። መብራት አላለፈበትም፤ ማብሪያው ጠፍቶ ነበር። እትዬ ማሚቱ ስፒናውን ነቀሉ እንጂ ማብሪያውን ማጥፋታቸውን አያስታውሱም፣ ሟችም ተነሥቶ አያጠፋም። ያሽከረከረው ሰው አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ዲናሞው ከጠረጴዛው አጠገብ ከተገኘ ሁለተኛ ሰው እንደነበረ ይታወቃል። ስለዚህ ደበቀውና በቦታው ሁሉም የሚያምነውን ሞት አስቀመጠ። ልጁ የጠፋበት አባት ራሱን አጠፋ ቢባል ማን ይጠራጠራል?»

ማሚቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማን ነው?» አለ ዘመኑ ከኋላ። «እኔ እንደሁ መክፈቻውንም አላገኘሁት!»

«አንተ አይደለህም። መሐመድኑርም ስለ ዲናሞው የነገረኝ ራሱ ነው፤ የደበቀው ሰው ፈልጉልኝ አይልም። ከባትሪዎቹ ሥር ሳገኘው እጀታዎቹ ታጥፈው፣ ማሰሪያው በድርብ ቋጠሮ ተቋጥሮ ነበር፤ ነገ ጠዋት ተሸክሞ እንደሚዘምት ሰው። ደግሞም ይህን እዩት።» የጣቢያ መፈለጊያውን አመለከተች። «ምስጋኑ እጁ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ሞቷል። ማን መልሶ ወደ መጨረሻው አዞረው? ማን ቆለፈው? ሻለቃ ገብረመስቀልን ጠየቅኳቸው። የጦር ሬዲዮ ሠራተኛ ከሣጥኑ ሲነሣ፣ የሚያወራበትን ጣቢያ ጠላት እንዳያነብበት አዙሮ ይቆልፋል። 'እጁ ነው የሚያደርገው፤ ሰውየው ልብም አይለው' አሉኝ።»

ቆፋሪዎቹ ሳይታወቃቸው ከደሳለ ትንሽ ራቁ።

«ጋሽ ደሳለ» አለች ሰርካለም በለሰለሰ ድምፅ፣ «በግድግዳ መብራት ይሠራል አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ይህን ስተው ሊናገሩ የማይችሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ሰው በሸመገለ ጊዜ ይረሳል» አለ ደሳለ።

«ይረሳል። ወንዴ ቀይ አፋፍ ላይ ከሬዲዮው ጋር በመድፍ ሞተ ያሉኝስ ረስተው ነው? ሬዲዮው ይኸው፤ ጭረት የለበትም። የተገኘው ዋሻ ውስጥ ነው። አጠገቡም እግሩ ተሰብሮ በሬዲዮ ሽቦ የታሰረ ሰው አጽም ነበር። ያ ሰው ማነው? የእርስዎን እጀታ ያሽከረክር የነበረው ማን ነበር?»

«ወንዴ» አለች ማሚቱ። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ሆነ። «ወንዴ ነበር የሚያሽከረክርለት። በደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፣ ክንዴ ደነደነ ብሎ። ደሳለ፣ እጅህ ላይ ሞተ አላልከኝም? በየዓመቱ በተዝካሩ ላይ እየበላህ አልነገርከኝም?»

ደሳለ ወደ እጆቹ ተመለከተ። ከኋላውም ደበቃቸው።

«ከጦሩ አብረን ሸሸን» አለ። «ልጆች ነበርን፣ ማሚቱ። ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አሰርኩለት፣ ዋሻ አስገባሁት፣ ዕቃውን ጠቅልዬ አጠገቡ አኖርኩለት፣ አውሬ እንዳይገባ የዋሻውን አፍ በድንጋይ ዘጋሁ። ሰው ይዤ ልመለስ ነበር። መንገዱ ሁሉ ወታደር ነው... ፈራሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አልኩ። ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ?»

«ስትለየው ምን አለህ?»

«ተይ፣ ማሚቱ።»

«ምን አለህ!»

«'ቶሎ ናልኝ' አለኝ።»

ማሚቱ አላለቀሰችም። ቃሬዛውን ይዛ ቆመች።

«ምስጋኑስ?» አሉ አባ ጽጌማርያም። «እሱ ምን በደለህ?»

«ጠራኝ። 'ና አሽከርክርልኝ' አለኝ። መብራቷ ስትበራ ለሻለቃው ደወለ፤ ከዚያ ዞሮ አየኝ። 'በመድፍ የተመታው ይህ ነው?' አለኝ። 'ዛሬ ማታ አንተ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ' ብሎ፣ አንድ ቱቦ ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት።» ደሳለ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ዲናሞ ተመለከተ። «አቁም ማለት ነበር ትምህርቱ። አላቆምኩም። እንዲያውም አፋጠንኩት።»

ከአጥሩ ወዲያ ቶይባ «ያ አላህ» ስትል ተሰማ።

«ማብሪያውን ያጠፋሁት ለአንቺ ነው፣ ማሚቱ» አለ ደሳለ። «አይተሽው ስትወድቂበት መብራቱ እንዳይዝሽ ብዬ...»

«ሥጋውን ገደልክ» አለች ማሚቱ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች። «እሺ። ነፍሱንስ? ፍትሐት እንዳያገኝ ያደረግከው ምን በድሎህ ነው? ትናንት ማታ እዚህ ደጃፍ ከአጠገቤ ቁጭ ብለህ አልነበረም? 'ከአጥር ውጭም አፈር አፈር ነው' ብለህ ስታጽናናኝ አልነበረም?»

ደሳለ ከቃሬዛው ፊቱን አዞረ። ፖሊሱ እጁን ሲይዘው አልታገለም።

አባ ጽጌማርያም ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። «ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር ቆፍሩ» አሉ። «ዲያቆናቱን ጥሩ። ካባዬን አምጡ። ማሚቱ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ እኛንም ይፍታን።»

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አንሥተው ሮጡ። መሐመድኑር ወደ ማሚቱ ቀረብ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እማ፣ አጽሙን የቀበሩትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ሲሻልዎ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ።»

ማሚቱ የሰማችው አትመስልም። ደሳለ በፖሊሶች መሐል ሆኖ ከግቢው ሲወጣ ትከተለው የነበረው በዓይኗ ብቻ ነበር። መኪናው ሲርቅ ወደ ቃሬዛው ተመለሰች።

ሦስት ሰዎች ሦስቱን ጫፍ ይዘዋል። የፊት ቀኙ ባዶ ነው። የደሳለ ቦታ ነበርና የቅሬው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ማን ደፍሮ ይያዘው? አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ። ማንም ፈቀቅ አላለም። ጀምበሯ ተራራውን ነክታለች።

ማሚቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጎንበስ ብላ ባዶውን ጫፍ ያዘች።

«ማሚቱ፣ ሴት ቃሬዛ አታነሣም» አለ ከሦስቱ አንዱ ፈራ ተባ እያለ።

«አንሣ!» አለችው።

ሰውየው አባ ጽጌማርያምን ተመለከተ። አባ ካባቸውን አጥልቀው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ምንም ሳይሉ ከፊት ሄዱ። ዲያቆናቱ ጸሎቱን ጀመሩ። ቃሬዛው ወደ እሷ በኩል ትንሽ አዘነበለ፤ ትከሻዋን አስገብታ አቀናችውና መንገድ ጀመረች።